ዕድሜያችንን ማን ይመሰክርልን?



በዐረብ አገሮች፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ወደ አገር ቤት ሲደውሉ ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ትዳር ለማስመዝገብ፣ እናትን ወይም ልጅን ለማስመጣት ይጠየቃሉ። ችግሩ ግን ለብዙዎቻችን ያ ወረቀት መጀመሪያውኑ አለመጻፉ ነው።

ይህም የወላጆቻችን ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም፣ ድንጋጌዎቹ ሥራ ላይ የሚውሉበትን ቀን ራሱ ሕጉ ለሌላ ጊዜ አቆይቶት ነበር። የልደት ምዝገባን በመላ አገሪቱ ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ወረቀቱን ይሰጡ የነበሩት ማዘጋጃ ቤቶች ናቸው። እንግዲህ በማዘጋጃ ቤት ላልተመዘገበ የአርባ ዓመት ሰው ዛሬ የሚሰጠው ወረቀት ከአሮጌ መዝገብ የሚቀዳ ሳይሆን በማስረጃ የሚቆም አዲስ ምዝገባ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የሌለ መዝገብ ሲያስፈልግ ወራት ያልፉበታል።

በውጭ ያለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርቦ ለሚያምነው ዘመዱ ውክልና ይሰጣል። ውክልናው አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል። ወኪሉ የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ማስረጃና የወላጆችን መታወቂያ አስቀድሞ ቢያሰባስብ ድካሙ ይቀንሳል። ወረቀቱ ከወጣ በኋላም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተጠየቀበት አገር ኤምባሲ ማረጋገጡ እንዳይዘነጋ።

ቀን ሲለወጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 1970 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች ዲሴምበር 19 ቀን 1977 ሲሆን፣ ጥር 10 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 1978 ነው። ሁልጊዜ ሰባት ብቻ ወይም ስምንት ብቻ የሚደምር አንድ ዓመት ይስታል። እናቶቻችን በወርና በቀን ባይናገሩም «በ77ቱ ረመዷን አጋማሽ» ይሉናል። ይህም ዋጋ አለው፤ የዚያ ዓመት ረመዷን አጋማሽ በግንቦት መጨረሻ ነበርና። ስምም እንዲሁ ነው፤ መሐመድ በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል ለወኪሉ ይላክለት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሲሄዱ ዕድሜያቸው ተጨምሮ ፓስፖርት የወጣላቸው እህቶች አሉ። አሁን አጎትን «ፓስፖርቱ ላይ ያለውን መስክርልኝ» ማለት ይቀላል። ሆኖም በሐሰት መመስከር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከከባባድ ወንጀሎች የቆጠሩት ነው። ሽማግሌን በስተርጅና እዚህ ውስጥ ማስገባት ምን ዓይነት ውለታ ነው? በዱንያም ቢሆን አንዱ ሐሰት ሌላውን ይጠራል፤ በወረቀት እናት ከልጇ በዘጠኝ ዓመት ብቻ የምትበልጥ ሆና ተገኝታ የቤተሰቡ ጉዳይ ሊወድቅ ይችላል። የሚበጀው እውነተኛውን ቀን ይዞ፣ ባሉበት አገር የሕግ ባለሙያ አማክሮ ስሕተቱን በሕግ መንገድ ማሳረም ነው። ይዘገያል፤ ግን ያሳርፋል።

አዲስ ለሚወለዱ ልጆቻችን አዋጁ 90 ቀን ሰጥቶናል፤ በዚያው ጊዜ እናስመዝግብ። ለእኛ ግን ምስክሮቻችን እናቶቻችን፣ አክስቶቻችንና ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እነርሱም እያረጁ ነው። ዛሬ ማታ ስንደውል ከሰላምታው በኋላ መቼና የት እንደተወለድን፣ ማን አጠገባቸው እንደነበረ ጠይቀን እንጻፈው። ወረቀቱ ባያስፈልገን እንኳ ታሪካችን ይቀርልናል።

ወሰላሙ ዐለይኩም።