የባሕሩ ሰፍነግና የአገራችን አጣጥ

ባለፈው ሳምንት በላፍቶ ሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት ከፉሪ ተራራ ሥር ያስመጡትን አንድ እቅፍ የአጣጥ ቅጠል ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ልጄ፤ መቼም አንተ ተምረሃል። ፈረንጆቹ ከዚህ ቅጠል የነቀርሳ መድኃኒት አወጡ ይባላልና፤ ቀቅዬ እኅቴን ባጠጣት ምን ይመስልሃል?» አሉን። እኅታቸው በጡታቸው ላይ እባጭ ከታየባቸው ወራት አልፈዋል። ወሬው ከነጭራሹ ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን እውነትነት ያለው ነገር ነውና ለዛሬው እሑድ ከአንባቢዎቻችን ጋራ እንድንመረምረው አመጣነው። (ዘመኑን የምንቆጥረው፤ ካልገለጽን በቀር፤ እንደ አውሮፓውያን ነው።)

ከባሕር እንጀምር። በወንጌል ሆምጣጤ የተሞላውን ሰፍነግ የማያስታውስ የለም፤ ነገር ግን ሰፍነግ እንስሳ እንጂ ተክል አለመሆኑን ብዙዎቻችን የተማርነው ዘግይተን ነው። ይህ ፍጥረት ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። እግር የለው፤ ጥርስ የለው፤ አይሸሽ፤ አይናከስ። እንግዲህ በምን ይጠበቃል ቢሉ፤ በመርዝ ነው። ከመርዞቹም ብዙዎቹን የሚሠራው ሰፍነጉ ራሱ ሳይሆን በውስጡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን ሊቃውንት ደርሰውበታል። ከፍሎሪዳ ባሕር በወጣ ሰፍነግ ውስጥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተገኙት ንጥረ ነገሮች ሳይታራቢን ለሚባለው መድኃኒት መነሻ ሆኑ። ይህም መድኃኒት በ1969 በአሜሪካ ተፈቅዶ እስከ ዛሬ ለደም ካንሰር ይሰጣል። ከዚያም ኡዬሙራና ሂራታ የተባሉት የጃፓን ሊቃውንት በ1980ዎቹ 600 ኪሎ ሰፍነግ ጨምቀው ሃሊኮንድሪን ከሚባለው ንጥረ ነገር ዋነኛውን 12.5 ሚሊግራም ብቻ አገኙ። በዚህ መጠን ሕሙማንን ማከም ቀርቶ መመራመርም ያስቸግራል። ሆኖም ኪሺ የተባለው ሊቅ በ1992 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንጥረ ነገሩን በሰው እጅ ገጣጠመው። ግማሹ አካል ብቻ እንደሚበቃም ታወቀና፤ ኤሪቡሊን የተባለው መድኃኒት በ2010 ለተዛመተ የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

መርዙ የካንሰርን ሕዋስ የሚገድለው እንዴት ነው? አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን እኩል ማካፈል አለበት። ለዚህም ሥራ ከወዲያና ከወዲህ ረቂቅ ክሮች ይዘረጋል፤ ክሮቹም ክሮሞዞሞቹን ወደየወገናቸው ይስቧቸዋል። ክሩ የሚሠራው ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኤሪቡሊን ከቱቡሊኑ ጋር ተጣብቆ ክሩ እንዳይረዝም ያደርጋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ክር ቢያልቅበት ጋቢው እመንገድ እንደሚቀር ሁሉ፤ ሕዋሱም መከፈሉን ጀምሮ መጨረስ ያቅተዋል፤ በዚያው ተይዞ ይቆይና ይሞታል። የካንሰር ሕዋስ ያለ ልክ ስለሚከፋፈል አደጋው ይበዛበታል። የመቅኔ፣ የአንጀትና የጠጉር ሥር ሕዋሳትም ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈሉ ናቸውና ከጉዳቱ አያመልጡም።

ባሕሩን ያነሣነው ስለ አጣጥ ለመናገር ነው። የአሜሪካ መንግሥት የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከልዩ ልዩ አገሮች ዕፅዋት ሲያስለቅም፤ ከኢትዮጵያ የተወሰደ አንድ የአጣጥ ዘመድ ከናሙናዎቹ መካከል ነበረበት። ሞሪስ ኩፕቻን የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ከዚህ ተክል ሜይታንሲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ በ1972 ለዓለም አስታወቀ። ያውም ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል የተገኘው የአንድ ሚሊግራም አምስተኛ እጅ ነው፤ አንድ ግራም ለማግኘት አምስት ቶን ያስፈልጋል ማለት ነው። የሚመታውም ያንኑ ቱቡሊን ነው። የባሕሩ ሰፍነግና የተራራው ቁጥቋጦ ሳይተዋወቁ አንድ ዒላማ መምረጣቸው እኛን እጅግ አስደንቆናል።

ይሁን እንጂ ሜይታንሲን ብቻውን ለሕሙማን ሲሰጥ አልሆነም። ዕጢውን በሚፈለገው መጠን ሳይቀንስ ሕመምተኛውን ጎዳ፤ ሙከራውም ተቋረጠ። መድኃኒት ለመሆን የበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ መልእክተኛ ሲገኝለት ነው። ይኸውም መርዙን በጥቂቱ ለውጠው፤ ሄር ቱ የሚባለውን ምልክት በብዛት ከሚያሳዩ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ጋር ከሚጣበቅ ፀረ አካል ጋር አሰሩት። ፀረ አካሉ መርዙን እንደ ታሸገ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል፤ ደብዳቤውም የሚከፈተው በአብዛኛው ከሕዋሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ትራስቱዙማብ ኤምታንሲን የተባለው ይህ መድኃኒት በየካቲት 2013 ተፈቀደ። ከኩፕቻን ጽሑፍ እስከዚያ ቀን 41 ዓመት መሆኑ ነው።

እንግዲህ የእናታችን ቅጠል ቢቀቀል ምን ይገኝበታል? የሰፈራችን አጣጥ ዐይነቱ ያው የተለቀመው መሆኑ አይታወቅም፤ ቢሆንም እንኳ መርዙ ካለ መጠኑን የሚለካ፤ ከሌለም የለም የሚል ሰው በምድጃው ዳር አይገኝም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን በመጠጡ ምክንያት የሚባክነው ጊዜ ነው። ሕመምተኞቻችን ወደ ሐኪም የሚደርሱት ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ ነውና።

ሌላው ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ለሚገኙት ጓደኞቻችን የሚሆን ነው። አጣጡ በተለቀመበት ዘመን የአንድ አገር ዕፅ የማንም እንደ ሆነ ይቆጠር ነበር። የሪዮው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት የመጣው በ1992 ሲሆን፤ የእኛም አዋጅ ቁጥር 482 በ1998 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ወጥቶ የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድና ጥቅሙም እንዲካፈል ደነገገ። ሕግ ወደኋላ ሄዶ የ1960ዎቹን አጣጥ አይመልስም። ፈቃድ መጠየቅ ብቻውንም እንደማይበቃ የጤፉ ነገር አሳይቶናል፤ በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም አላስገኘም።

በአጣጡ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1977 የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ ከአንድ ባክቴሪያ ውስጥ አገኙ። ዛሬ ለመድኃኒቱ መነሻ የሚሆነው ነገር ባክቴሪያው በጋን ውስጥ ሲብላላ የሚገኘው እንጂ ከዱር የሚቆረጠው እንጨት አይደለም። ስለዚህ በኬላ ላይ ቅርንጫፍና ዘር የሚፈትሽ መኮንን በአንዲት ጭብጥ አፈር ውስጥ የሚወጣውን ሀብት ላያየው ይችላል። በእኛ አስተያየት የበለጠ ገንዘብና ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ተሕዋስያኑን ለይቶ፤ አራብቶ፤ በሕዋስ ላይ ፈትኖ የሚያቆይ ላቦራቶሪ ያለው አገር ውል ሲዋዋል የሚያቀርበው ነገር ይኖረዋል። ስሙን ብቻ የሚያውቅ ግን የሚሸጠው ቅጠል ነው።

ለእናታችን ይህን ሁሉ አልተረክንላቸውም። ቅጠሉ መርዝ ሊኖረው እንደሚችል፤ ፈረንጆቹም ብቻውን ሞክረውት እንዳልሆነላቸው ነገርናቸው። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉን። ማክሰኞ ማለዳ እኅታቸውን ይዘን በሜክሲኮ በኩል ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ልንሄድ ተቀጣጠርን። አጣጡ ከአጥሩ ሥር እንደ ተቀመጠ ነው።