የቦረናዋ ወፍና የፋሺስቱ ስም

በቦረና፣ ከያቤሎና ከሜጋ አካባቢ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ወፍ አለች። ራሷና ደረቷ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር ነው፤ ዓይኗን የከበበው ላባ አልባ ቆዳ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ። ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረውባት በመጨረሻ ከቁራ ቤተሰብ ገብታለች። ሳይንሳዊ ስሟ ዛቫታሪዮርኒስ ስትሬዘማኒ ነው።

ስሙ የሁለት ሰዎች መታሰቢያ ነው። ኤርቪን ስትሬዘማን የታወቁ ጀርመናዊ የአእዋፍ ተመራማሪ ስለነበሩ በእሳቸው ቅሬታ የለም። ጣጣው ያለው በመጀመሪያው ስም ላይ ነው።

ኤዶአርዶ ዛቫታሪ በሮም ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ፕሮፌሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት ባወጣው የዘር ማኒፌስቶ ላይ ከፈረሙት አሥር ምሁራን አንዱ ነው። ሰነዱ ጣሊያናውያንን ንጹሕ የአርያን ዘር ያደርጋል፣ አይሁድን ከጣሊያን ዘር ያስወጣል፣ በአውሮፓውያንና በአፍሪካውያን መካከልም የማያሻማ ድንበር እንዲሰመር ይጠይቃል። ወፏን በዚያው ዓመት የሰየማት ጣሊያናዊው ኤድጋርዶ ሞልቶኒ ነው። ኢትዮጵያ ያኔ በወረራ ሥር ነበረች፤ አርበኞቿም በየጫካው ይዋደቁ ነበር።

አሰያየሙ የሚመራበት ሕግ ቀላል ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለዕፅዋት፣ በ1758 ለእንስሳት ባሳተማቸው መጻሕፍት ላይ ተመሥርቶ እያንዳንዱ ፍጡር ሁለት ቃል ያለው ስም ይሰጠዋል፤ የፊተኛው ወገኑን፣ የኋለኛው ዝርያውን ይለያል። ሁለት ሰዎች አንዱን ፍጡር በየፊናቸው ቢሰይሙ ቀድሞ የታተመው ይጸናል። ስሙ የተሳሳተ መሆኑ ብቻውን አያስለውጠውም። ቡናችንን ሊኒየስ «አረቢካ» ያለው አውሮፓ የምታውቀው በየመን በኩል የመጣውን ስለነበር ነው። የዱር ቡናው ግን ያለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው። ቢያስቆጭም ይህ ስም ባለበት ቢቆይ ይሻላል፤ የዓለም ገበያ በሙሉ የሚግባባበት ነውና፣ ስህተቱም የጂኦግራፊ እንጂ የክፋት አይደለም።

የዛቫታሪ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። የእንስሳትን አሰያየም የሚመራው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መግለጫ በሥነ ምግባር ምክንያት ስም እንደማይቀይር አስታውቋል። መከራከሪያው የስሞች መጽናት ነው፤ ማን ክፉ፣ ማን ደግ እንደነበር ለመፍረድም ሥልጣን የለኝም ይላል። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ በር አንዴ ከተከፈተ የማያልቅ ክርክር ይከተላል።

ይሁንና ሳይንሳዊ ስሞች ያን ያህል የማይነቃነቁ አይደሉም። ጤፍ በመጀመሪያ ፖአ ከተባለው ወገን ተመድቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ኢራግሮስቲስ ወደተባለው ተዛወረ፣ ስሙም አብሮ ተለወጠ። የዘረመል ጥናት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ዝውውሩ በርክቷል። ለምደባ ሲባል መለወጥ ከተቻለ ለፍትሕ ሲባል አይቻልም ማለት አሳማኝ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት መንገዱን አሳይተዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2024 በማድሪድ ባደረጉት ጉባኤ በደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ሲሰደቡበት ከኖረ ቃል ጋር የተያያዘውን «ካፍራ» በ«አፍራ» ለመተካት በድምፅ ወስነዋል። ለውጡ ከሁለት መቶ በላይ ስሞችን ይነካል። ሰማይ አልተደፋም።

ዛቫታሪ በሐሜት አልተከሰሰም፤ ማኒፌስቶው ላይ ስሙ አለ። አፍሪካዊን ያሳነሰ ሰው በአፍሪካዊት ወፍ ስም መወደሱ ሊቀር ይገባል። ምትኩን ለማግኘትም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1830ዎቹ ሰሜንን የጎበኘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዋልያንና ጭላዳን ሲመዘግብ የአገሬውን አጠራር በላቲኑ ውስጥ አስገብቷል፤ ለያቤሎዋ ወፍም የቦረና አርብቶ አደሮች ሊጠየቁ ይችላሉ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት መምህራንና የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ጉዳዩን አስረድተው ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ያቅርቡ። ማመልከቻ ማስገባት ለማንኛውም ተመራማሪ የተፈቀደ ነው።