የዓይንን ጓዳ የሚያሳይ ፎቶግራፍ

የልጆችን ጤና መጠበቅ የቤት አባትና የቤት እመቤት ተቀዳሚ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። ዛሬ ከሰውነት ክፍል ሁሉ አብልጠን ስለምንሳሳለት ስለ ዓይን ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ለመናገር አስበናል።

የዓይን በሽታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሚቀላውን፣ የሚያሳክከውንና እንባ የሚያፈሰውን ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚከፋ አለ፤ ይኸውም ሳያምም በውስጥ ተሸሽጎ የሚሠራው ነው። ከዓይን በስተኋላ ረቲና የሚባል እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን አለ፤ የምናየው ሁሉ የሚታተመው በርሱ ላይ ነው። ይህ ሽፋን ቢቀደድ ወይም ከቦታው ቢላቀቅ ሕመም አይሰማም። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ ከዳር ስለሚጀምር፣ ጨለማው ወደ መኻል እስኪደርስ ድረስ ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል።

ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ በ1851 እ.ኤ.አ. ከገለጠ ወዲህ፣ ሐኪሞች የሕያው ሰው ረቲና ለማየት በቅተዋል። ኋላም ፎቶግራፍ ማንሻው ተሠራ። ሆኖም የተለመደው ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ሰፊ አዳራሽን በበር ስንጥቅ እንደ መመልከት ነው። ዳሩን ለማየት ሐኪሙ ብሌኑን በመድኃኒት አስፍቶ በብርቱ ብርሃን ይመረምራል፤ ይህንን ግን ሕፃን ልጅ በትዕግሥት አይቀበለውም።

ዳግላስ አንደርሰን በተባለ የስኮትላንድ መሐንዲስ ላይ ኀዘን የደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው። የ5 ዓመት ልጁ ዓይኑን ይመረመር ነበር፤ ነገር ግን የረቲናው መላቀቅ የታወቀው ዘግይቶ ስለ ነበረ የአንድ ዓይኑ ብርሃን ጠፋ። አባትየው በኀዘን ብቻ አልቀረም። ልጅን ሳያስጨንቅ አብዛኛውን ረቲና በአንድ ጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት ቈርጦ ተነሣና፣ በ1992 እ.ኤ.አ. ኦፕቶስ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። መሣሪያው ቀጭን የሌዘር ብርሃን በጐባጣ መስተዋት አሳልፎ በብሌኑ በኩል በማስገባት፣ 200 ዲግሪውን፣ ማለት ከረቲናው 82 በመቶ ያህሉን፣ ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያነሣል። ብዙ ጊዜም ብሌኑን በመድኃኒት ማስፋት አያስፈልገውም።

የስኳር በሽታ የረቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ስለሚያበላሽ፣ ይህ ሰፊ ፎቶግራፍ በዳር ያለውን ጉዳት አስቀድሞ ለማየት ይረዳል። ይሁን እንጂ ሽፋሽፍት ከሥዕሉ ጥቂቱን ይጋርዳል፤ ዳር ዳሩም ተለጥጦ ይታያል። ስለዚህ የሐኪምን ምርመራ ያግዛል እንጂ አይተካም። መሣሪያው በማይገኝበት ስፍራም ብሌንን አስፍቶ የሚመረምር የዓይን ሐኪም ብዙውን ጉዳት ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ ከአንባቢዎቻችን መካከል በዓይኑ ፊት ብልጭታ ወይም ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ በድንገት የታየው፣ ወይም እንደ መጋረጃ ያለ ጥላ የወረደበት ቢኖር፣ ነገ ሳይል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ። የስኳር በሽታ ያለበትም ሰው ደኅና አያለሁ ብሎ ሳይዘናጋ፣ ሐኪሙ በወሰነለት ጊዜ ሁሉ ዓይኑን ያስመርምር።

ልጅ ግን አንድ ዓይኑ ቢደክም በሁለተኛው እያየ ይጫወታልና አይናገርም። ወላጆች የልጃቸውን ዓይን አንድ በአንድ ሸፍነው ይመልከቱ፤ አንደኛው ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላው ሲሸፈን የሚነጫነጭ ከሆነ፣ ሳይሸፈን የቀረው ዓይን ደክሞ እንደ ሆነ ያጠራጥራልና ሳይውሉ ሳያድሩ ያስመርምሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዓይን እጅግ ይስማማል፤ ያ መሐንዲስ የሠራው መሣሪያ ለብዙ ሰዎች ልጆች ሲደርስ፣ ለገዛ ልጁ ግን አልደረሰለትምና።