ባክቴሪያን በካንሰር ላይ እናዘምታለን

እኛ በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ የምንማር፣ የምናስተምርና የምናክም ሰዎች፣ የካንሰር መድኃኒት ሁልጊዜ ባሕር ማዶ ተሠርቶ እስኪመጣልን መጠበቅ ይብቃን ብለናል።

ከሞጣም ሆነ ከደጀን የተነሳ ታማሚ ለዓመታት ዓባይን ተሻግሮ ጥቁር አንበሳ የጨረር ወረፋ ሲጠብቅ ኖሯል። ጨረርና ኬሞ ደግሞ የሚቸገሩበት ቦታ አለ፤ የዕጢው እምብርት። ደም በቅጡ ስለማይደርሰው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ መድኃኒቱ አይዘልቅም፣ የጨረሩም ኃይል ይቀንሳል። አንዳንድ ባክቴሪያ ግን እዚያው ይመቸዋል፤ ገብቶ ይራባል።

በአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እነ ታል ዳኒኖ የኢ. ኮላይን ዘረመል አሻሽለው አይጥ ዕጢ ውስጥ ከተቱት። ባክቴሪያው መብዛቱን በራሱ የኬሚካል ምልክት ያውቃል፤ ያኔ አብዛኛው ፈንድቶ የተሸከመውን መድኃኒት ያፈሳል፣ የተረፈው እንደገና ይራባል። እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ዕጢው ከስሟል፤ ባክቴሪያ ያልገባበት ሌላ ዕጢም እድገቱ ቀንሷል።

በሰው ላይ ገና ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ሙከራ የተዳከመ ሳልሞኔላ በደም ሥር ተሰጥቶ የማንም ዕጢ አልቀነሰም። ይህን አንሸሽግም። ዛሬ በተሻሻለ ባክቴሪያ ካንሰር አድናለሁ የሚል ቢመጣ፣ ታማሚዎቻችንን ከእሱ እንጠብቃለን።

ነገሩ ግን ለጎጃም እናት እንግዳ አይደለም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ የሕፃኑን ክንድ ይዛ ቆዳው ውስጥ የምትወጋው፣ ነጭ እብጠት የሚያወጣው የቢሲጂ ክትባት ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ፈረንሳውያኑ ካልሜትና ጌራን 13 ዓመት እያራቡ ጉልበቱን አሳጡት። ይኸው ዘር ፊኛ ውስጥ ሲጨመር የፊኛ ካንሰርን እንደሚገታ ካናዳ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልቫሮ ሞራሌስ እ.ኤ.አ. በ1976 አሳየ፤ ዛሬ መደበኛ ሕክምና ነው። ግኝት ከገዛ ደጃችንም ሊወለድ ይችላል፤ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት አድዋ ላይ፣ ልብስ የሚታጠብበትን ወንዝ ልብ ብለው በማየታቸው ነው።

ስለዚህ እንጠይቃለን። ዘረመል የሚነበብበትና የሚታረምበት ቤተ ሙከራ ደብረ ማርቆስ ላይ ይቋቋም። ናሙና አዲስ አበባ ሳይላክ የሚመረምር ፓቶሎጂስት ይመደብ። ወጣቶቻችን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ገብተው የክሊኒክ ሙከራ ይልመዱ። ታማሚ በሚገባው አማርኛ ተነግሮት፣ ወዶ ካልፈቀደ አይነካ።

አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ መሸጥም ዛሬውኑ ይቁም። ዕጢው ውስጥ የላክነው ባክቴሪያ ከመሥመር ቢወጣ የምንመልሰው በአንቲባዮቲክ ነው፤ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ በየመንደሩ ከበዛ፣ መላመዱ ወደላክነውም ሊተላለፍ ይችላል።