መዳፍ የሚያቃጥል ጌጥ

አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ ሳለ ስለ ማርሽ እጀታ ልጽፍ ነው። «ሥራ ፈታህ እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ፍረዱ።

ባለፈው ግንቦት ከወንድሜ በተዋስኩት ዲኤክስ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ለምሳ ቆምኩ። ጥላ ስላጣሁ መኪናውን ፀሐይ ላይ ተውኩት። ወንድሜ የፕላስቲኩን የማርሽ እጀታ አስነቅሎ በሚያብረቀርቅ ብረት ካስቀየረው ገና ወሩ ነበር። በልቼ ተመለስኩ። በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ አንደኛ አስገብቼ አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ሁለተኛ ለማስገባት ግን ጠበቅ አድርጌ መያዝ ነበረብኝ። መዳፌ ሲለበለብ ሳላስበው ለቀቅኩት። መኪናው ፎሌ ላይ ሆኖ መንገድ መሐል ቀረ። ከኋላዬ ጭነት የያዘ ተሳቢ ክላክሱን እያንባረቀ ደረሰ። ሹፌሩ ነቅቶ ባይዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ነገሩ ቀላል ሳይንስ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ በግማሽ ሰዓት ከውጭው አየር 20 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል፤ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ዕቃ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ፕላስቲኩም ብረቱም እኩል ቢግሉ እንኳ እጃችንን የሚያቃጥለው ብረቱ ነው፤ ምክንያቱም አሉሚኒየም ሙቀቱን ከፕላስቲክ እጅግ ፈጥኖ ወደ ቆዳችን ያስተላልፋል። 60 ዲግሪ የደረሰ ብረት በሰከንዶች ውስጥ ቆዳ ያቆስላል።

መፍትሔውም ውድ አይደለም። የፊት መስታወቱን በካርቶን መጋረድ፣ እጀታውን ባረጀ ነጭ ካልሲ መሸፈን፣ ከመነሳት በፊት በሮቹን ከፍቶ ማናፈስና ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ካልሲው ግን ስለሚያንሸራትት ሳትነዱ አውልቁት። ከሁሉ የሚሻለው የድሮውን ፕላስቲክ መመለስ ነው። ከተቃጠላችሁም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። እኔን ሻይ የምትሸጥ እናት ይዛልኝ መጥታ ነበር፤ እግዜር ይስጣት፣ ግን የሚረዳው 20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኔ አንድ ቀን ነው የተቃጠልኩት። ከጅቡቲ በጋላፊ፣ በሰመራና በሚሌ አድርገው የምንበላውንና የምንለብሰውን የሚያመጡልን ሹፌሮች ግን በሞቃታማዎቹ ወራት 40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀት ውስጥ ናቸው። ወረፋ ጥበቃ ቆመው ይውሉና ወደ ጋለው ጋቢና ይገባሉ። የሚጨብጡት መሪ፣ የሚከፍቱት በር፣ የሚያስሩት ቀበቶ ሁሉ ፍም ነው። አደጋ ሲደርስ «በፍጥነት በማሽከርከር» ተብሎ ይጻፋል። ሙቀት ያደከመው ሰው፣ የተለበለበ መዳፍ የሚል ምክንያት ግን ሰምቼ አላውቅም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። እኛ ግን መከላከያ ሲባል የሚታየን የሕንፃ ሠራተኛ ቆብ ብቻ ነው። ስለ ጎማው በቀን ሦስቴ የሚደውል ባለንብረት ስለ ሹፌሩ እጅ አንዴ እንኳ አይጠይቅም። የመስታወት መጋረጃ፣ ጓንትና ጥላ ያለው ማረፊያ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያዩ ምን ያህል ናቸው?

ወንድሜ ብረቱን አስነቅሎታል። «ያምር ነበር እኮ» ይላል እስካሁን። ማማሩንስ ያምራል፤ ግን የመኪና ዕቃ መጀመሪያ ለእጅ፣ ቀጥሎ ለዓይን ነው።

በዚያ መስመር የምትሠሩ ሹፌሮች ካላችሁ ልምዳችሁን ጻፉልኝ። ባለንብረቶችም ብትሆኑ እጠብቃለሁ።

መልካም መንገድ!