ስለ ቤትና ስለ ንብረት መድን

በዚህ ገጽ ስለ ቤት አያያዝ በየጊዜው እንጽፋለን፤ ዛሬ ግን ቤቱ ራሱ አደጋ ቢያገኘው ምን ይደረጋል ስለሚለው ነገር ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1666 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት የተነሣ እሳት አራት ቀን ነዶ ከ13,000 የሚበልጥ ቤት አጠፋ። ከዚህ በኋላ በ1680 ገደማ ኒኮላስ ባርቦን የሚባል ሰው ለቤቶች የእሳት መድን መስጠት ጀመረ። የአሳቡ ሥር ቀላል ነው። ዋጋቸው ትክክል ከሆነ ከአንድ ሺህ ቤቶች መካከል በዓመት አንዱ ይቃጠላል ብንል፥ የትኛው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ ነገር ግን ባለቤቶቹ ሁሉ ከቤታቸው ዋጋ ከሺህ አንዱን እጅ ቢያዋጡ የተቃጠለው ቤት እንደ ገና ይሠራል። የመድን ማኅበሩ ለሥራውና ለትርፉ ጥቂት ይጨምርበታል፤ ይህም መዋጮ አረቦን ይባላል። አረቦን በግእዝ መያዣ ማለት ስለ ሆነ አንዳንድ ሰው ዓመቱ በደኅና ሲያልፍ ገንዘቡ የሚመለስለት ይመስለዋል። ሌባ ሳይመጣ ዓመቱ አለፈ ብሎ የዘበኛውን ደመወዝ መልስ የሚል ግን እስከ ዛሬ አላየንም።

እድር በሐዘን ቀን በደንቡ የተወሰነውን ይሰጣል። የንብረት መድን ግን የጠፋውን ይተካል እንጂ አያበለጽግም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። እንግዲህ ዋጋን አብዝቶ ማስጻፍ ለከንቱ አረቦን መክፈል ነው።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የምንሰማው ክርክር ግን ከማብዛት ይልቅ ከማሳነስ የሚመጣ ነው። 4,000,000 ብር የሚያወጣ ቤት ያለው ሰው አረቦኑ እንዲቀልለት ቤቴ 2,000,000 ብር ያወጣል ብሎ ያስጽፋል እንበል። በኋላ እሳት ወጥ ቤቱን ብቻ ይበላና የ400,000 ብር ጥፋት ይደርሳል። ባለቤቱም፦ እስከ 2,000,000 ብር ውል አለኝ፥ ይህች ጥቂት ገንዘብ ምን አላት? ይላል። ማኅበሩ ግን፦ መድን የገቡት ለቤትዎ እኩሌታ ነው፤ ለቀረው እኩሌታ እርስዎ ራስዎ መድን ሆነዋል ብሎ 200,000 ብር ብቻ ይቆጥርለታል። ውሉ ሌላ ነገር ካልተናገረ በቀር የማኅበሩ ሒሳብ የተለመደው ሒሳብ ነው። ባለቤቱ ተበደልሁ ብሎ ይጮኻል፤ ውሉን ግን በፈረመበት ቀን አላነበበውም። ይልቁንም የሚያሳዝነን እውነተኛውን ዋጋ ያስጻፈው ሰው ነው፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከዓመት ወደ ዓመት ሲወጣ የእርሱ ውል በቀድሞው ዋጋ እየታደሰ ይኖርና ሳያውቀው ከዚያው ወጥመድ ይገባል። ስለዚህ ውሉ በሚታደስበት ቀን ሁሉ የቤቱን ዋጋ እንደ ገና ማስገመት ይገባል።

ሁለተኛው ዓይነት መድን ለገዛ ንብረታችን ሳይሆን በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት የሚሆን ነው። በአገራችን በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 559 ከወጣ ጀምሮ ባለ መኪና ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ግዴታ ሆኗል። ይህ መድን ለተገጨው ሰው ነው፤ የገጪውን መኪና ግን አያሳድስም፤ ለዚያ ሌላ ውል ያስፈልጋል። ባለቤቱ ሆን ብሎ ላደረሰው ጥፋትም ማኅበሩ አይከፍልም።

በመጨረሻ ለእመቤቶች የምናሳስበው አንድ ጉዳይ አለ። የምንጣፉን፥ የብሩን ዕቃ፥ የልብሱን ዝርዝር ከመግዣው ደረሰኝ ጋራ ጽፎ መያዝ መልካም ነው። ነገር ግን መዝገቡ በዚያው ቤት ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ከዕቃው ጋራ አብሮ ይነዳልና፥ አንዱን ግልባጭ በዘመድ ቤት ያስቀምጡ።