ተማሪው የወደቀው በፊዚክስ ነው ወይስ በቋንቋ?

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲደረግ፣ ያለፉት ተማሪዎች 8.4 በመቶ ናቸው የሚለው ቁጥር እንደ መሻሻል ተነግሮናል። ከቀደሙት ሦስት ዓመታት 3.3፣ 3.2 እና 5.4 በመቶ አንጻር መሻሻል ነው፤ አንክድም። መንግሥት ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመግታት የወሰደውን እርምጃም ዛሬም እንደግፋለን። ነገር ግን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች 50 በመቶ ማምጣት ሲያቅታቸው፣ ስንፍናቸውን ብቻ ማንሳት ሕሊናችን አይፈቅድልንም።

ስለ ውጤቱ ብዙ ሲባል ሰንብቷል። ፈተናው የሚሰጥበት ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑ ግን ጥያቄ ሆኖ ሲነሳ እምብዛም አልሰማንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲጀምሩ መወሰኑ ትክክል ነበር። ወደ እንግሊዝኛ የሚደረገው ሽግግር የሚጀመርበት ክፍል ከክልል ክልል ይለያያል፤ 9ኛ ክፍል ላይ ግን ሁሉም እንግሊዝኛ ውስጥ ይገባል። እስከ ትናንት በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሲማር የነበረ ልጅ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ባዮሎጂውንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ እንዲረዳ ይጠበቅበታል። ማን አሻገረው? ማንም!

ክፍል ውስጥ የሚሆነውን መምህራን ያውቁታል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፤ ተማሪው የተጻፈውን ገልብጦ ይሸመድዳል። መምህሩን አንወቅስም። እሱም በዚያው መንገድ ያለፈ ነው፤ የሠለጠነውም ፊዚክስ ለማስተማር እንጂ ፊዚክሱን በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ እንዴት እንደሚያቀርብ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት መጣ። ከውጭ ተቀርጾ የመጣው ትምህርት በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ያልፋል፤ ያልገባው ልጅ እጁን አውጥቶ የሚያስቆመው አንዳች አልነበረም። የዚያ ዘመን ተማሪዎች ዛሬ ወላጆች ሆነዋል።

የአድዋን ድል ከአያቱ አፍ ሰምቶ ያደገ ልጅ የታሪክ ጥያቄውን ሲስት እጅግ ያሳዝነናል። ድሉን ሳያውቅ ቀርቶ ነው ወይስ ጥያቄው አልገባው ብሎ? አሁን ባለው አሠራር መልሱን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህም ነው ከአንድ ሺሕ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፣ ጥፋቱን በልጆቹ ላይ መጫን የሚያስቆጣን።

የትምህርት ሚኒስቴር መልሱን የማፈላለግ አቅም አለው፤ የፈተናው ወረቀትም መረጃውም በእጁ ነው። ተማሪዎች በብዛት የሳቷቸውን ጥያቄዎች መርምሮ፣ የትኛው በዕውቀት ማነስ የትኛው በቋንቋ እንደተሳተ ለሕዝብ ያሳውቅ። የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ቃላትን አስቀድሞ ማስተዋወቅን፣ ተማሪዎች በቋንቋቸው ተወያይተው በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ማድረግን የሚማሩበት ሥልጠና ይሰጥ። ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር የሁለት ቋንቋ የሙያ ቃላት መፍቻ ለእያንዳንዱ ተማሪ ይድረስ። የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ለቋንቋ መሸጋገሪያ ይለቀቁ።

ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን። በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የገቡት ልጆች ግን በ2021 ዓ.ም. ለዚሁ ፈተና ይቀመጣሉ።